እንግሊዝ አገር ክሬዲት ለምትገነቡ፦ ክሬዲት ካርዱን በዳይሬክት ዴቢት እንዴት እንደምትከፍሉ

ባለፈው አንድ ከመጣ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ቤት ሊከራይ ሄዶ ክሬዲት ቼኩን አላለፍክም ተብሎ ተመለሰ። ልጁ እዳ የሚባል ነገር የለበትም፣ ከሰው አንድ ፓውንድ ተበድሮ አያውቅም፣ እቁቡን ሲጥል አንድ ሳምንት አላሳለፈም፣ ታዲያ ምን አጠፋሁ ብሎ ደወለልኝ። ምንም አላጠፋህም፣ ችግሩም እሱ ነው አልኩት። እዚህ አገር ምንም ተበድሮ የማያውቅ ሰው ታማኝ አይባልም፣ አይታወቅም ነው የሚባለው። አገር ቤት ሰፈሩ ያውቅሃል፣ የእቁቡ ዳኛ ያውቅሃል፣ ባለሱቁ ዱቤ ሲሰጥህ ደብተሩን እንጂ ማንንም አይጠይቅም። እዚህ የዛ ደብተር ቦታ ላይ ያሉት ኤክስፒሪያን፣ ኢኩዊፋክስ እና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት ድርጅቶች ናቸው፣ እነሱ ደሞ ስለ እቁብ የሰሙት ነገር የለም።

ከዛ ቁጭ ብለን ክሬዲት ካርድ አውጥቶ በዳይሬክት ዴቢት እየከፈለ ክሬዲት ፋይሉን፣ ማለት እነዚህ ሦስቱ ስለ እሱ የሚይዙትን መዝገብ፣ እንዴት እንደሚገነባ አሳየሁት። ያንኑ ነው እዚህ የምጽፈው፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ግን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር፣ ሰው ሁሉ «ዳይሬክት ዴቢት አስገባ፣ በቃ ትገላገላለህ» ይላል፣ ግማሹ እውነት ነው። ዳይሬክት ዴቢት ከመርሳት ያድናችኋል፣ ከባዶ አካውንት ግን አያድናችሁም። እኔ የተቃጠልኩት በሁለቱም ነው፣ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

እሺ፣ ነገርየው ምንድነው። ዳይሬክት ዴቢት ማለት ድርጅቱን «ሂሳቤን ከአካውንቴ ራስህ ውሰድ» ብላችሁ መፍቀድ ነው፣ መጠኑን የሚያሰላው እሱ ነው፣ ከመውሰዱ በፊት ግን ስንት እና መቼ እንደሚወስድ ማሳወቅ አለበት። ስታንዲንግ ኦርደር ሌላ ነው፣ እሱን እናንተ ናችሁ ለባንካችሁ «በየወሩ በዚህ ቀን ይሄን ያህል ላክልኝ» የምትሉት፣ ለእቁብ፣ ለቤት ኪራይ ምናምን የሚሆነው እሱ ነው። የካርዳችሁን ቁጥር ሰጥታችሁ በየወሩ የሚቆረጠው፣ እንደ ኔትፍሊክስ አይነቱ፣ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። ለክሬዲት ካርድ በስታንዲንግ ኦርደር ብቻ መተማመን ጥሩ አይደለም፣ ምክንያቱም የካርዱ ሂሳብ በየወሩ ይለያያል፣ እናንተ 50 ስትልኩ ሚኒመሙ፣ ማለት የግድ መክፈል ያለባችሁ ትንሿ መጠን፣ 55 ከሆነ እንዳልከፈላችሁ ነው የሚቆጠረው።

እና ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አለች፦ ዳይሬክት ዴቢቱ በራሱ ስኮር፣ ማለት የክሬዲት ነጥባችሁን፣ አይጨምርም። ጂም በዳይሬክት ዴቢት አምስት ዓመት ብትከፍሉ ክሬዲት ልትገነቡ አትችሉም። ፋይል ላይ የሚጻፈው ብድር ያለበት አካውንት ነው፣ ክሬዲት ካርድ፣ የስልክ ኮንትራት፣ ብዙ ጊዜ የመብራትና የጋዝ አካውንትም ይጻፋል። በየወሩ ካርድ ሰጪው ይሄ ሰው በቀኑ ከፍሏል ብሎ ይልካል፣ አሥራ ሁለት ወር አሥራ ሁለት ምልክት፣ ዳይሬክት ዴቢቱ የሚያገለግለው ከነዚህ መሀል አንዷ እንዳትበላሽ ነው። ለምን እንደዚህ ታካብዳለህ ካላችሁ ደግሞ፣ አንዲት ያልተከፈለች ወር ፋይላችሁ ላይ 6 ዓመት ትቀመጣለች። ስድስት ዓመት! ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት ይገባል።

ካርዱን ስታወጡ ዝም ብላችሁ ያገኛችሁት ላይ ሁሉ አትሙሉ። እያንዳንዱ ማመልከቻ ፋይላችሁ ላይ ሃርድ ሰርች ተብሎ ዱካ ይተዋል፣ በአንድ ወር አራት ቦታ ከሞላችሁ ሌላው አበዳሪ ሲያየው ይሄ ሰው ተቸግሯል ብሎ ነው የሚያስበው። መጀመሪያ በክሊርስኮር ወይም በኤክስፒሪያን አፕ ኤሊጂቢሊቲ ቼክ አድርጉ፣ እሱ ሶፍት ሰርች ነው፣ ሌላ አበዳሪ አያየውም፣ የማለፍ እድላችሁን በመቶኛ ይነግራችኋል። ደሞዛችሁ የሚገባበትን ባንክ ራሱንም ጠይቁ፣ ገቢያችሁን ስለሚያይ አንዳንዴ ይሻላል። ገና ለመጣና ምንም ፋይል ለሌለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ክሬዲት ቢልደር የሚባሉት ናቸው፣ አኳ፣ ቫንኩዊስ፣ ካፒታል ዋን የመሳሰሉት፣ ሊሚታቸው፣ ማለት የሚፈቅዱላችሁ ጣሪያ፣ ትንሽ ነው፣ 200 ወይም 300 ፓውንድ ሊሆን ይችላል፣ ወለዳቸው ደሞ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነው። ወለዱን አይታችሁ አትደንግጡ፣ እንደምነግራችሁ ካደረጋችሁ አንድ ሳንቲም ወለድ አትከፍሉም፣ እንደምነግራችሁ ካላደረጋችሁ ግን ደንግጡ።

ካርዱ በፖስታ መጣ። ከመጀመሪያው ግዢ በፊት፣ ፖስታውን ሳትጥሉት፣ አፑን አውርዳችሁ ዳይሬክት ዴቢት የሚለውን ፈልጉ። የሚጠይቃችሁ የባንካችሁን ሶርት ኮድ፣ 6 አሃዝ ነው፣ እና የአካውንት ቁጥር፣ 8 አሃዝ ነው። ሁለት አካውንት ያላችሁ ሰዎች ደሞዝ የሚገባበትን ስጡ፣ ያቺን በመጣችሁ ሰሞን ከፍታችሁ አሁን 4 ፓውንድ ብቻ ያለባትን አትስጡ፣ ሰው ያደርገዋል ስለማውቅ ነው። ከዛ በሁለት ሦስት ቀን የባንካችሁን አፕ ገብታችሁ ዳይሬክት ዴቢት ዝርዝር ውስጥ የካርዱ ስም መግባቱን እዩ። ካልገባ አልተሳካም፣ እንደገና።

እና አሁን የመጀመሪያው ወጥመድ፣ እኔ የወደቅኩበት። ዳይሬክት ዴቢቱን አስገባሁ፣ አፑ አረንጓዴ ምልክት አሳየኝ፣ ደስ ብሎኝ ረሳሁት። የመጀመሪያው ወር ቀን ደረሰ፣ ምንም አልተቆረጠም፣ በሳምንቱ ላልከፈልክበት ቅጣት 12 ፓውንድ የሚል ኢሜይል መጣ። እንዴ፣ አስገብቻለሁ እኮ! ደውዬ ስጠይቅ ዳይሬክት ዴቢቱ የሚጀምረው ከሚቀጥለው ስቴትመንት፣ ማለት ካርዱ በየወሩ ከሚልከው የሂሳብ ዝርዝር፣ ነው አሉኝ፣ የዚህን ወር አንተ ራስህ መክፈል ነበረብህ። ሲስተሙ ወዲያው አይነሳም፣ ፈቃዱ በባንኮቹ መሀል እስኪመዘገብ ቀናት ይወስዳል፣ መክፈያ ቀኑ ሲቀርብ ካስገባችሁት ያችን ወር ላይደርስላችሁ ይችላል። ስለዚህ ስቴትመንቱ ሲመጣ አንብቡት፣ በዚህ ቀን ይሄን ያህል በዳይሬክት ዴቢት እንወስዳለን የሚል ጽሑፍ ካለው ቁጭ በሉ፣ እሱ ጽሑፍ ከሌለው በዴቢት ካርዳችሁ በአፑ ራሳችሁ ክፈሉ። ይሄን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስቴትመንት ላይ ብቻ ብታደርጉት በቂ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ምን ያህል ይቆረጥ። አፑ ሦስት ምርጫ ይሰጣችኋል። ሙሉውን፣ ማለት ስቴትመንቱ ላይ ያለውን በሙሉ። ቋሚ መጠን፣ ለምሳሌ በየወሩ 60 ፓውንድ። ሚኒመም፣ ማለት እንዳትቀጡ የምትከፍሉት ትንሿ። አንዳንዱ አፕ ሚኒመሙን ከላይ ያስቀምጠዋል፣ ሰው ደሞ ከላይ ያለውን ይነካል። እኔን ብትጠይቁኝ ሙሉውን ነው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ክርክር የለውም። ሙሉውን በቀኑ እስከከፈላችሁ ድረስ በገዛችሁት እቃ ላይ ወለድ አይታሰብም፣ ከገዛችሁበት ቀን እስከምትከፍሉበት ብዙ ካርዶች ላይ እስከ 56 ቀን ነጻ ነው። ሙስሊም ወንድምና እህቶቼም ሁሌ የሚጠይቁኝ ይሄንን ነው፣ ወለዱ ጭራሽ እንዳይነካኝ ማድረግ ይቻላል ወይ ብለው፣ ሂሳቡ እንግዲህ እንዲህ ነው፣ ውሉን በተመለከተ ግን ሼኻችሁን ጠይቁ እኔ ፈትዋ አልሰጥም።

ሚኒመም ለምን እንደማልወደው በቁጥር ላሳያችሁ። 1,000 ፓውንድ እዳ አለባችሁ እንበል፣ የካርዱ ወለድ በዓመት 34.9 በመቶ ነው፣ ሚኒመሙ ደሞ የእዳው 1 በመቶ እና የወሩ ወለድ ሲደመር ነው፣ ብዙዎቹ የሚያሰሉት እንደዚህ ነው። የወሩ ወለድ ወደ 25 ፓውንድ ይመጣል፣ 1 በመቶው 10 ፓውንድ ነው፣ ስለዚህ 35 ይቆረጣል። 35 ወጣ፣ እዳው የቀነሰው ግን በ10 ነው። ዓመቱን ሙሉ ካርዱን ሳትነኩት እንዲህ ብትቀጥሉ ወደ 400 ፓውንድ ከፍላችሁ በዓመቱ መጨረሻ ገና 886 ፓውንድ አለባችሁ። በተቀደደ ጆንያ እህል መሙላት ነው። ያንኑ እዳ በቋሚ 60 ፓውንድ ብትከፍሉት በ22 ወር ያልቃል፣ በ100 ከሆነ በአንድ ዓመት ገደማ። ሚኒመሙ ተንኮሉ እዳው ሲቀንስ እሱም አብሮ መቀነሱ ነው፣ ስለዚህ መቼም አይቸኩልም። ያለባችሁ እዳ ካለ ቋሚ መጠን ምረጡ፣ ሚኒመሙ ከመረጣችሁት ከበለጠ እንኳ ሚኒመሙን ይወስዳሉ እንጂ አያሳልፏችሁም፣ ብቻ ውላችሁ ላይ አረጋግጡት።

ሌላ ደሞ ሰው የማያውቃት፣ በየወሩ ሚኒመም ብቻ የሚከፍል ሰው ሚኒመም ብቻ እየከፈለ እንደሆነ ፋይሉ ላይ ሊመዘገብ ይችላል፣ ዘግይቶ እንደከፈለ አይቆጠርም ግን ሞርጌጅ የሚሰጠው ሰውዬ ሲያየው ደስ አይለውም። እና 18 ወር ሙሉ ከዋናው እዳ ይልቅ ለወለድና ለቅጣት የበለጠ ከከፈላችሁ ካርድ ሰጪው ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ የገንዘብ ድርጅቶች ተቆጣጣሪው ኤፍ.ሲ.ኤ ያስገድደዋል፣ ፐርሲስተንት ዴት ይሉታል፣ እንዲህ አይነት ደብዳቤ ከመጣላችሁ ማስታወቂያ ነው ብላችሁ አትጣሉት፣ መጨረሻው ካርዱን ማገድ ሊሆን ይችላል።

ሚኒመም ጥቅም የለውም አላልኩም ግን። ገቢው ለማይታወቅ ሰው፣ በሳምንት ለሚከፈለው፣ ኤጀንሲ ኬር ለሚሰራ፣ ዴሊቨሪ ለሚነዳ፣ ዜሮ አወር ኮንትራት ላይ ላለ፣ ዳይሬክት ዴቢቱን ሚኒመም ላይ አድርጎ በየሳምንቱ ደሞዝ በገባ ቀን በእጁ ካርዱ ላይ መክፈል ይችላል። ሚኒመሙ እንደ መረብ ነው፣ ብትወድቁ ይይዛችኋል፣ መኝታ ካደረጋችሁት ግን አለቀ። ይሄን የምመክረው ራሱን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፣ «ነገ እከፍላለሁ» ለሚል ሰው ሙሉውን አስቆርጦ ካርዱ ላይ ትንሽ ማውጣት ይሻለዋል። እና ሙሉውን የሚያስቆርጥ ሰው በመሀል በእጁ ከከፈለ ይጠንቀቅ፣ አንዳንዱ ካርድ የከፈላችሁትን ቀንሶ ነው የሚወስደው፣ አንዳንዱ ደሞ መቁረጫው ከቀረበ ስቴትመንቱ ላይ ያለውን እንዳለ ይወስደዋል፣ ብራችሁ አይጠፋም ካርዱ ላይ ትርፍ ሆኖ ይቀመጣል፣ ግን የዛን ሳምንት አስቤዛ ልታጡ ትችላላችሁ።

እንግዲህ ባዶ አካውንት ወዳልኩት እንምጣ። ቀኑን ምረጡ። አብዛኛው ካርድ መክፈያ ቀን በአፑ መቀየር ይፈቅዳል፣ ደሞዝ ከገባ ሦስት አራት ቀን በኋላ አድርጉት፣ በዛው ቀን አታድርጉት፣ ምክንያቱም ዳይሬክት ዴቢት የሚቆረጠው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው፣ ደሞዝ ደሞ አንዳንዴ ይዘገያል። መቁረጫው ቅዳሜ፣ እሁድ ወይ ባንክ ሆሊደይ ላይ ከዋለ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይዞራል፣ እሱ አይጎዳችሁም፣ ደሞዛችሁ ግን በዛው ባንክ ሆሊደይ ምክንያት ሊዘገይ ይችላል፣ የኔም ጉድ የመጣው ከዚህ ነው። የፋሲካ ሳምንት ነው፣ ታይምሺቴ በሰኞው ምክንያት ሳይፈረም ቀረ፣ ደሞዝ በሁለት ቀን ዘገየ፣ ዳይሬክት ዴቢቱ ግን አልዘገየም። የጎደለው 11 ፓውንድ ነበር። ለ11 ፓውንድ ብሎ ባንኩ መለሰው፣ ካርዱ ደሞ 12 ቀጣኝ፣ ያቺን ቀን ስልኬ ላይ የባንኩ መልእክት ጠዋት ገብቶ ነበር እኮ፣ እኔ ሥራ ላይ ስለሆንኩ ያየሁት ማታ ነው።

ጠዋት ባየው ኖሮ ይድን ነበር። ብዙ ባንኮች ጠዋት ብር ካነሰ ወዲያው አይመልሱትም፣ በዛው ቀን ከሰዓት እንደገና ይሞክራሉ፣ ብዙ ጊዜ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ግድም፣ በነሱ 2 ሰዓት ማለት ነው፣ ጊዜ ይሰጣሉ፣ የናንተ ባንክ ስንት ሰዓት እንደሆነ አፑ ላይ ወይ መልእክቱ ላይ ይጽፈዋል። ከጓደኛ 20 ፓውንድ ትራንስፈር አስደርጎ ማዳን ይቻላል፣ ደቂቃ አይፈጅም። ከተመለሰ ደግሞ አትጠብቁ፣ በዛው ቀን በካርዱ አፕ በዴቢት ካርድ ክፈሉ። አንድ ሁለት ቀን የዘገየ ክፍያ ቅጣት ሊያመጣ ይችላል፣ ለተወሰነ ጊዜ ዜሮ በመቶ ወለድ የሚል ቅናሽ ላይ ከነበራችሁም ሊያስቀርባችሁ ይችላል፣ ፋይሉ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ወር ሙሉ ሳይከፈል ሲቀር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ደውላችሁ በትህትና ቅጣቱን አንሱልኝ በሉ፣ የኔን 12 ፓውንድ አንስተውልኛል፣ የመጀመሪያዋን ሳይሆን ሁለተኛዋን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ከዛ በኋላ የያዝኩት ዘዴ ይሄ ነው፣ በካርዱ የገዛሁትን ያህል በዛው ማታ ከአካውንቴ አውጥቼ ለብቻው አስቀምጣለሁ። 18 ፓውንድ አስቤዛ ከገዛሁ 18 ፓውንድ ወደ ጎን። የክሬዲት ካርድ ብር ያወጣችሁ አይመስልም፣ አካውንታችሁ ላይ ምንም አይቀንስማ፣ ሰው ሁለቴ የሚያወጣው ለዛ ነው። ሞንዞ ላይ ፖት፣ ስታርሊንግ ላይ ስፔስ የሚሉት አላቸው፣ ዳይሬክት ዴቢቱ በቀጥታ ከዛ እንዲከፈል ማድረግ ይቻላል፣ ሌላ ባንክ ያላችሁም ሁለተኛ አካውንት ከፍታችሁ ዳይሬክት ዴቢቱን በዛ ማስቆረጥ ትችላላችሁ፣ ብሩን እዛ መላካችሁን እስካልረሳችሁ ድረስ።

በካርዱ ምን ይገዛ? ጀማሪ ከሆናችሁ አንድ ነገር ብቻ አስይዙበት። የኦይስተር ቶፕ አፕ፣ ወይም የስልክ ቢል፣ ወይም በሳምንት አንዴ አስቤዛ። ካርዱ ራሱ ቤት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ሊሚቱ 300 ከሆነ ስቴትመንቱ ላይ ከ90 ፓውንድ በላይ ባይታይ ጥሩ ነው፣ ከሊሚቱ 30 በመቶ በታች የሚባለው እሱ ነው፣ ሊሚቱን ጠርዝ ድረስ የሚበላ ሰው በቀኑ ቢከፍል እንኳ የተጨነቀ ይመስላል። ሁለት ቀን እንዳለ አትርሱ፣ ስቴትመንት የሚዘጋበት ቀን እና የመክፈያ ቀን፣ መሀላቸው ሦስት ሳምንት ምናምን ነው። ለኤክስፒሪያንና ለሌሎቹ ብዙ ጊዜ የሚላከው ስቴትመንቱ ሲዘጋ የነበረው ሂሳብ ነው። የሆነ ወር ትልቅ ነገር ከገዛችሁ፣ ፍሪጅ እንበል፣ ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ በፊት ግማሹን በእጃችሁ ከፍላችሁ ብታወርዱት ፋይላችሁ ላይ ትንሽ ሆኖ ይታያል። በአንጻሩ ካርዱን ጭራሽ አለመጠቀምም አይጠቅምም፣ የሚጻፍ ነገር የለውማ፣ ዳይሬክት ዴቢቱም ከዓመት በላይ ምንም ካልተቆረጠበት ባንኩ ዝም ብሎ ሊሰርዘው ይችላል፣ ከዛ አንድ ቀን ስትገዙበት የሚከፍልላችሁ የለም።

ጥሬ ብር ከኤቲኤም በክሬዲት ካርድ አታውጡ። ከዛኑ ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል፣ ያ 56 ቀን የተባለው ለሱ አይሠራም፣ ሙሉውን ብትከፍሉም ወለዱ አይቀርም፣ የማውጫ ኮሚሽንም አለው፣ ፋይላችሁም ላይ ጥሬ ብር እንዳወጣችሁ ይታያል። ይሄን ብዙ ሰው ያውቃል። የማያውቀው ግን አገር ቤት ብር መላክንም ብዙ ካርዶች እንደ ጥሬ ብር ነው የሚቆጥሩት። እንቁጣጣሽ ደረሰ፣ እናት ደወለች፣ አካውንት ላይ ብር የለም፣ ክሬዲት ካርዱ አለ፣ በመላኪያው አፕ ላይ የካርዱን ቁጥር አስገባችሁ፣ ሄደ። ኮሚሽን እዚህም እዚያም፣ ወለድ ከዛኑ ቀን፣ እና ዳይሬክት ዴቢቱ ሙሉውን ነው ብላችሁ ስለተዝናናችሁ የወለዱን መስመር እንኳ አታዩትም። ለበዓል የሚላከው ከዴቢት ካርድ ይሁን፣ ከሌለም ለእናት እውነቱን መናገር ይሻላል፣ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

ስህተት ቢፈጠርስ፣ ሁለቴ ቢቆርጡኝስ የሚል ሰው አለ። ለዚህ የዳይሬክት ዴቢት ጋራንቲ የሚባል አለ፣ ወሳጁም ይሁን ባንካችሁ ከተሳሳተ ባንካችሁ ሙሉውን ወዲያው መመለስ አለበት፣ የምትጠይቁት ባንካችሁን ነው፣ የካርዱን ኩባንያ ፍለጋ መዞር የለባችሁም። መጠኑ ወይ ቀኑ ሲቀየርም ቀድመው ሊነግሯችሁ ይገባል፣ ለዛ ነው ስቴትመንቱን ወደ ስፓም የሚሄድ ኢሜይል ላይ አትተዉት የምለው። ጋራንቲው ግን ለስህተት ነው፣ ብር አነሰኝ ብሎ በትክክል የተቆረጠን ማስመለስ እዳውን መልሶ ያመጣዋል፣ ክፍያውም እንዳልተከፈለ ይሆናል።

ዳይሬክት ዴቢት መሰረዝም እንደዛው ነው። የባንኩ አፕ ላይ አንድ ጣት ነው፣ ስለዚህ ሰው ጠበብ ሲለው ይሰርዘዋል። የሰረዛችሁት መክፈያውን ነው፣ እዳው እዛው ነው። ጠበብ ያለ ወር ሲመጣ መቁረጫው ከመድረሱ ቢያንስ ከሳምንት በፊት በካርዱ አፕ ከሙሉው ወደ ሚኒመም ቀይሩት፣ ወሩ ሲያልፍ መልሱት፣ መመለሱን በስልካችሁ ካላንደር ላይ ጻፉት፣ እኔ አንዴ ሳልመልስ አራት ወር ቆይቻለሁ። ባንክ የምትቀይሩም ሰዎች አሮጌውን ዝም ብላችሁ አትዝጉት፣ በከረንት አካውንት ስዊች ሰርቪስ በኩል አድርጉት፣ ከ2013 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ዳይሬክት ዴቢቶቻችሁን ሁሉ ወደ አዲሱ ይዞ ይሄዳል።

ነገሩ ከአንድ ወር ጠበብ ያለ ከሆነ፣ ማለት ሥራ ከቀረ፣ ታማችሁ ከተኛችሁ፣ ከመቁረጫው ቀን በፊት ለካርዱ ኩባንያ ደውሉ። ከቀኑ በፊት የደወለና ከሦስት ወር በኋላ የተገኘ ሰው አንድ አይደሉም። ስቴፕቼንጅ እና ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባሉ ድርጅቶች በነጻ ያማክራሉ፣ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከሆናችሁ በነሱ አይነት አማካሪ በኩል ብሪዚንግ ስፔስ የሚባል አለ፣ 60 ቀን ወለዱንና ቅጣቱን አብዛኛው እዳ ላይ ያስቆማል። ብር አስከፍለው እዳችሁን እናጠፋለን የሚሉትን ግን እለፏቸው፣ በነጻ ያለውን ነው የሚሸጡላችሁ።

ስድስት ወር ከሄዳችሁ ሪፖርታችሁን ክፈቱ፣ ሦስቱም ጋር በነጻ ማየት መብታችሁ ነው። ቁጥሩን ተዉት፣ ሦስቱ የሚቆጥሩት በየራሳቸው መለኪያ ነው፣ የእናንተ ከጓደኛችሁ ስኮር ጋር ማወዳደር ራስ ምታት ነው። እዩ የምላችሁ ካርዱ መመዝገቡን፣ ወራቱ ሁሉ ተከፍሏል ማለታቸውን፣ እና አድራሻው የአሁኑ መሆኑን ነው። ኤሌክቶራል ሮል፣ ማለት የመራጮች መዝገብ፣ ላይ አልተመዘገባችሁም የሚል ቀይ ምልክት ታያላችሁ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ እንግሊዝ ውስጥ የሚኖር ሰው መምረጥ ስለማይችል ሊመዘገብ አይችልም፣ ጥፋታችሁ አይደለም። ስኮትላንድና ዌልስ፣ ግላስጎው ካርዲፍ ያላችሁ ግን ሕጋዊ ነዋሪ ከሆናችሁ ለአካባቢው ምርጫ መመዝገብ ትችላላችሁ፣ ተመዝገቡ። እንግሊዝ ያላችሁ ደሞ ለድርጅቶቹ ጽፋችሁ በዜግነቴ ምክንያት መመዝገብ አልችልም የሚል ማስታወሻ ፋይሉ ላይ እንዲያያዝ መጠየቅ ትችላላችሁ።

እና የኛን ሰው በብዛት የሚይዘው ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ እነሱ ግን ከኛ ላይ አንዱን ሰርኔም ያደርጉታል። ቪዛው ላይ እስከ አያት ተጽፏል፣ ባንኩ አያትን ሰርኔም አድርጎታል፣ የስልክ ኮንትራቱን ስታወጡ ደሞ በአባት ስም ሞላችሁት፣ ፊደሉም አንዱ ጋር በአንድ «ኤስ» ሌላው ጋር በሁለት ነው፣ የልደት ቀኑም ከኛ አቆጣጠር ሲዞር ተሳስቶ ወይም ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይገኛል። ሲስተሙ ሰውን የሚያገናኘው በስም፣ በልደት ቀንና በአድራሻ ስለሆነ ሁለት ግማሽ ሰው ይሆናል፣ አንዱ ግማሽ ካርዱን ዓመት ሙሉ በቀኑ ከፍሏል፣ ሌላኛው ግማሽ ቤት ሊከራይ ሄዶ ባዶ ፋይል ይዞ ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ ያልኳችሁ ልጅ ይሄም ነበረበት፣ የስልክ ኮንትራቱ ሁለት ዓመት በንጽህና ተከፍሎ የተጻፈው በሌላ ስም ነው። አንዱን አጻጻፍ ምረጡ፣ ቪዛችሁ ላይ ያለውን፣ ባንክም ካርድም ስልክም ጋር ደውላችሁ አንድ አይነት አስደርጉ፣ ከዛ ፋይሉ ላይ ያልታየውን ለኤክስፒሪያን፣ ለኢኩዊፋክስና ለትራንስዩኒየን ለየብቻ ጻፉ፣ አንዱ ለሌላው አይነግርም። በ28 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። የልጁ ከአንዱ በሦስት ሳምንት መጣ፣ ሁለቱን እየጠበቅን ነው።